ከኮርኒስ የወደቀው የአሜሪካ መኪና

ዛሬ ቦሌ ሚካኤል የአባዬን ቤት ኮርኒስ ስናፈርስ፣ አባዬ ሊገጣጥመው ጀምሮት የነበረው የአሜሪካ መኪና ሞዴል ከነካርቶኑ ዱብ አለ!

አባዬ፣ በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ጋር ፍተሻ የገቡት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ወሰዱብኝ ሲል ነው የኖረው። እስኪሞቱ አኩርፏቸው ኖረ፣ ለቀብራቸውም አልወጣም።

እማዬ ካርቶኑን ስታይ አለቀሰች።

"ታደሰ ራሱ ነው እዚያ የደበቀው። 'የኢምፔሪያሊስት ዕቃ ተገኘበት ብለው ባልሽን እንዳይወስዱት፣ ለእሱም እንዳትነግሪው' ብሎ አስምሎኝ ነው።"

"ደርግ ከወደቀ በኋላስ?" ብላት፣ "መሐላ ከመንግሥት ጋር ይወድቃል እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ! (እኔን!)

አባዬ ብቸኛዋን የተገጠመች ጎማ በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየና "ጋቢዬን አምጡ፤ ለቅሶ ልደርስ ነው" አለ።

አሁን የጋሽ ታደሰ በር ላይ ቆመናል። እንዲህ ዘግይታችሁ ለቅሶ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ ገባችሁ?