አባዬ ጀልባ የነዳ ዕለት

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ ስንነሳ

ለጎረቤት «አባቴን ሐዋሳ ላዝናናው ነው» ብያለሁ። ውሸቴን ነው። የሄድኩት የመኪናውን ቁልፍ ልቀበለው ነው። ሐኪሙ «ዓይንዎ ደክሟል፣ መንዳት ያቁሙ» ካለው ከራርሟል። እሱ ግን ሰላሳ ዓመት በሞያሌ መንገድ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው፤ ማን ደፍሮ ይንገረው! ከሁለቱ ወንድሞቼ ጋር በድመቷ አንገት ቃጭሉን ማን ይሰር ስንባባል ከርመን ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ሐይቅ ላይ ልቡ ሲረጋ እነግረዋለሁ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት በሐዋሳ ሲያልፍ «ጭነት ይዤ ምን ጀልባ አለ» እያለ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም።

መሪውንማ ማን ይሰጠኛል። ሞጆ ላይ አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳትነው። «ባጃጅና ዝንብ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም» ብሎ ሳቀ። እኔ እስከ ሻሸመኔ ድረስ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ሄድኩ።

እሁድ ጠዋት፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ

አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የዓሣ ጭንቅላት እስኪወረወርላቸው በሰው መሃል ይንጎራደዳሉ። አንዱ የአባዬን ጫማ ረግጦ አለፈ፤ ይቅርታም የለ! ትኩስ የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ ጠጣንና ላሚሶ ከሚባል ጀልበኛ ጋር ለአንድ ሰዓት በስምንት መቶ ብር ተስማማን።

«ከሰዓት ነፋስ ይመጣል» አለን ላሚሶ። «ውሃው ጥሩ አሁን ነው።»

እውነቱን ነው። ውሃው ገና አልነቃም ነበር። ስስ ጉም ከላዩ ይነሳል፤ ታቦር ተራራ ከላይም ከታችም ይታያል። የከተማው ድምፅ ከኋላችን እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። እጄን ውሃው ውስጥ ነክሬ የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት።

«አባባ፣ መንዳት ይፈልጋሉ?» አለው ላሚሶ። «ግን ይሄ እንደ መኪና አይደለም። የሞተሩን እጀታ ወደ ቀኝ ሲገፉ ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል።»

«ሹፌር ነው የምታስተምረው?» አለ አባዬ፤ ፊቱ በራ። እጀታውን ይዞ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

ጥቂት እንደሄድን ፊት ለፊታችን አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይስባል። አባዬ ወደ እሱ ነዳ። ሰውየው በሲዳምኛ ጮኸ። አባዬ አልዞረም። ላሚሶ ዘሎ እጀታውን ነጠቀውና ለጥቂት አለፍነው።

«እጀታው ተቃራኒ ስለሆነ ነው እኮ፣ አባዬ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

አባዬም «የእጀታው አይደለም» አለ። «ሰውየውን አላየሁትም።»

ላሚሶ እንዳልሰማ ሆኖ ሞተሩን አጠፋ። «እዚህ ጉማሬ አለ» አለ ቀስ ብሎ። ከደንገሉ አጠገብ ሁለት ጆሮ ብቅ አለ። አባዬ አልጠየቀም፣ እኔም አላሳየሁትም። ጉማሬው ረጅም ትንፋሹን ለቀቀው። «ሰማሁት» አለ አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ። ሰዓቱ እስኪያልቅ ተንሳፈፍን።

ሰኞ፣ መልስ

ጠዋት ሆቴሉ በር ላይ አባዬ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀምጦ በተሳፋሪ በኩል ገባ። ለወራት ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ሳይነገር ቀረ። ላንጋኖ ስንደርስ «ሐይቁ ዛሬ እንዴት ነው?» አለኝ። በእሱ መስኮት በኩል ነበር።

«ቡናማ ነው፤ ዳሩ ላይ ፍየሎች አሉ።»

«ስንመጣም አላየሁትም» አለ። «ልጄ፣ እልኸኛ ሆኜ አይደለም። ካልነዳሁ ማን ይዞኝ ይወጣል ብዬ ነው።»

መንገዱ በእንባ ደበዘዘብኝ፤ ዳር ይዤ ቆምኩ። ሦስት ልጆች ቁልፉን እንዴት እንደምንቀበለው ስንመካከር ስንከርም፣ «እኔ እወስድሃለሁ» ያለው ከመሃላችን አንድም አልነበረም። አፈርኩ።

ቤት ስንደርስ ወንድሞቼ በር ላይ ጠበቁኝ። አባዬ እስኪገባ ቆይተው «ተቀበልሽው?» አሉኝ።

«ተቀብያለሁ» አልኳቸው። «አንተ ረቡዕ፣ አንተ ዓርብ፣ እኔ እሁድ። የሚሄድበትን እሱ ይመርጣል።»