መዳብ ፍለጋ ሞላሌ

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተነሳሁት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ የአባቴ በጎች ነገር ነው ያስኬደኝ። እሱ ካረፈ ወዲህ መንጋውን የያዙት አክስቴ እትዬ አስካለ፣ ዘንድሮ የተወለዱት ግልገሎች የኋላ እግራቸው እየከዳቸው እንደሚወድቁ በስልክ ነግረውኛል። ሥራዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሕይወት ያለው ህዋስ ውስጥ ገብቶ መዳብ ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም እንሠራለን። ከምትግጠው ሣር የምታገኘው መዳብ ያነሳት በግ እንዲህ ያለ ግልገል እንደምትወልድ ስለማውቅ ጠረጠርኩ።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በልተን ጣርማ በር ላይ ስንታጠፍ ጉሙ ዋጠን። በዚያ ብርድ እንኳ መስኮት ይከፈት አይከፈት የሚል ጭቅጭቅ አልጠፋም። የድንጋይ ካቡና የደጋው ተክል ጅባራ ብቅ ሲል አባቴ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ገበያ የሚወስደኝ በርኖሱ ውስጥ ሸጉጦ ነበር። ናፈቀኝ።

ሞላሌ

እትዬ አስካለ በሶ በጥብጠው ሰጡኝ፤ እሳቸው ግን አልቀመሱም።

"ምነው እትዬ?"

"አባትሽ ተቀይሞኛል ልጄ። ለተዝካሩ ማረድ ሲገባኝ፣ በጎቹ ላንቺ ይትረፉ ብዬ ሰሰትኩ። ይኸው ግልገሉን ሁሉ ሰበረብኝ። ለመጪው ገበያ መንጋውን ሸጬ ተዝካሩን ላውጣ።"

"ደማቸውን እስካይ ይታገሱኝ።"

በማግስቱ የከተማው የእንስሳት ሐኪም ከእኛ በጎችም፣ ግልገሎቿ ደህና ከሆኑላት ከአንዲት የጎረቤት በግም ደም ቀዳ። እትዬ አስካለ ደም የሚቀዳላትን የእኛን በግ አንገቷን አቅፈው "በዚህ ደም ነው የምትፈርጂኝ?" አሉኝ። የደሙን ብልቃጦች ከሐኪሙ ተቀበልኩ።

መልስ

ብርዱ ህዋሱን እንዳይገድለው ብልቃጦቹን የሱፍ ብርድ ልብስ በሆነው ባና ጠቅልዬ ታቀፍኳቸው። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ "አረቄ ነው?" አሉኝ። "የበግ ደም ነው" ስላቸው አማትበው ራቅ አሉ።

ቤተ ሙከራ ገብቼ ቀለሙን ጨመርኩበት። የጎረቤቷ በግ ህዋስ በማይክሮስኮፑ ሥር አረንጓዴ አበራ። የእኛዎቹ ደበዘዙ። ደግሜ አየሁ፤ ያው ነው። ለሐኪሙ ነግሬ ለአክስቴ ደወልኩ።

"እትዬ፣ መዳብ ነው ያነሳቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። የወደቁት ላይነሱ ይችላሉ፤ ከእንግዲህ የሚወለዱት ግን ይቆማሉ።"

ስለ በጎቹ ሌላ አልጠየቁኝም።

"አባትሽስ? አልተቀየመኝም?"

ይህን የሚያሳይ ቀለም የለኝም። ለዓመታት የለመድኩት ያየሁትን ብቻ መናገር ነው። ሰው ግን ያላየሁትንም እንድናገርለት ይፈልጋል፤ ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው።

"ልጁ እኔ ነኝ እትዬ፤ አልተቀየመዎትም" አልኳቸው።

አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ ሰማሁ።

"እንግዲያስ መንጋውን አልሸጥም። ተዝካሩን ግን አብረን እናወጣለን። ነይና ሙክቱን አንቺ ምረጪ" አሉኝ።