ውኃ የመጣች ቀን

ወልድያ ውኃ በፈረቃ በምታገኝበት ዘመን የኖረ ሰው ቧንቧ ሲንፏፏ ከሰማ፣ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ሳያጥብ አይቀመጥም። የመመረቂያ ሥራችንን ያበላሸብን ይኸው ልማድ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ገና አዲስ ነበር። ለእኔና ከመርሳ ከተማ ለመጣች አንዲት ልጅ አንድ ጥናት ደረሰን። ብርቱ የሚባሉ አሲዶች ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሁሉም እኩል መስለው ይታያሉ፤ ውኃ በሌለው አሴቲክ አሲድ ውስጥ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚበረታ ይለያል። እኛም የሦስቱን ልዩነት ለክተን ማሳየት ነበረብን። ውኃ ከገባበት አበቃለት። ያለን አሴቲክ አሲድ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው።

ለእሷ ነገሩ የነጥብ ጉዳይ አልነበረም። አባቷ ሐራ ከተማ ላይ ሱቅ ካለው ሰው ሽማግሌ ተቀብለዋል። «ዩኒቨርሲቲው አስተማሪ አድርጎ ካስቀረሽ ጋብቻው ይቅርብን እላቸዋለሁ፤ ካልሆነ ግን ለጥር ሠርጉ ነው» ብለዋታል። የሚቀረው ደግሞ አንደኛ የወጣው ብቻ ነው። እኔም ሁለት ዓመት በልቤ ወድጃት፣ ከቀረች እነግራታለሁ እያልኩ ቀን እቆጥራለሁ። ደፋር ሰው አይደለሁም።

በልኬታው ቀን ጠዋት ውኃ መጣች። ቤተ ሙከራ ስደርስ ብርጭቆውን ሁሉ አጥባ ደርድራዋለች።

«ዛሬስ ተመስገን ነው፤ ጥርት አድርጌ አጠብኩት» አለችኝ።

ደስ አለን። ማድረቅ የሚባል ነገር ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ሦስቱ ቁጥሮች ተጠጋግተው ወጡ። አማካሪያችን አንዱን ብርጭቆ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና፣ «ይሄ የአሲዱ ሳይሆን የውኃው ሥራ ነው» አለ። ሌላ ጠርሙስ አልነበረም። እሷ አላለቀሰችም፤ የደረቀ እጇን በጋዋኗ ስትጠርግ ቆየች። ሁለተኛ ወጣች።

መርሳ በተደረገው ሠርጓ ላይ ተገኘሁ፤ ብቀር ሰው ምን ይላል ብዬ። በላሁ፣ አጨበጨብኩም። አባቷ እሷን አስከትለው እንግዳ ሲያመሰግኑ እኔ ጋ ደረሱና እጄን ያዙኝ።

«እንደ ወንድም ሆነህ ጠብቀህ ያስረከብከን አንተ ነህ አሉ። እግዜር ይስጥልን ልጄ።»

«አሜን አባባ፣ ለእርስዎም ዕድሜ ይስጥዎ» አልኩ።

«ወንድሜ አይደለም አባባ» አለች፣ ቀስ ብላ።

አባቷ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እሷም እንድነግራት ስትጠብቀኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።