በቴአትር ሞቼ የምር የተለቀሰልኝ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በጣልያን ጊዜ ነው፤ ኮልፌ ውስጥ፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና ባልደረቀበት ሰሞን። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ ይጠፋኛል። የዚያችን ዕለት ነገር ግን አንዱንም አልረሳሁም። ሰው የራሱን ለቅሶ በጆሮው ሰምቶ እንዴት ይረሳል?

በዚያ ክረምት ተስቦ ብዙ ቤት ገብቶ ነበር። ጓደኛዬ ዘለቀ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ስለነበረ በሽታውን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗን ተምሯል። ቤት ለቤት እየዞረ "ልብሳችሁን ቀቅሉ" ቢል የሚሰማው ሰው አጣ። በተለይ እትዬ በለጡ ዓይን ዓይኑን እያዩ አሳፈሩት። እትዬ በለጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ በየለቅሶ ቤቱ እየተጠሩ ሰውን በእንባ የሚያራጩ ሴት ነበሩ።

"ቅማል እኮ የታመመ ሰው ላይ አትቀመጥም፣ ትሸሻለች። እሷ ካለችብህ ጤነኛ ነህ ማለት ነው። ተስቦ የሚያመጣው ክፉ ነፋስ ነው ልጄ" አሉት።

ዘለቀ ተናዶ እኔ ዘንድ መጣ። ቁጭ ብሎ ሲያስብ ቆየና ሳቀ።

"መሸሿንስ ትሸሻለች። ሸሽታ የት እንደምትገባ ነው ያላዩት። በቃል እምቢ ካሉ በቴአትር አሳያቸዋለሁ" አለ።

ቅማሏን እንዲጫወት አሰፋ የሚባል ቀልደኛ ሸማኔ ተመረጠ። ጆንያ አጥልቆ፣ ግራና ቀኙ ላይ የገመድ እግሮች አንጠለጠለ። እኔ አናጢ ነኝ፤ ቃል ማጥናት አይሆንልኝም። ስለዚህ የተሰጠኝ ሥራ ታምሞ መሞት ብቻ ነበር። ትኩሳት ሲይዘኝ ቅማሏ ሙቀቱ አልመች ይላትና ሊጠይቀኝ የመጣው ጎረቤት ላይ ትወጣለች። ጎረቤቱ ዘለቀ ራሱ ነው። ቴአትሩ ይኸው ነው።

የሚያስፈራው ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ ያለ ፈቃድ ሰው መሰብሰብ ያሳስራል። ሰብሳቢው ደግሞ እንደ ዘለቀ ፊደል የቆጠረ ከሆነ እስር ቤት ገብቶ መውጣቱም ያጠራጥራል። ይህን እያወቀ ነው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚቀርቡንን ጎረቤቶች ብቻ ግቢው ጠርቶ በሩን የገጠመው። እትዬ በለጡ "ደግሞ የቅማል ቴአትር" ብለው ቀሩ።

ነገሩ አማረልን። አሰፋ ገላዬን እየቧጠጠ "ኧረ ይሄ ሰውዬ ምጣድ ሆነብኝ፣ ቤት ልቀይር" ሲል ሰው ድምፁ እንዳይወጣ አፉን በነጠላ ይዞ ሳቀ። እኔም ደህና አድርጌ ሞትኩ። ዘለቀ ጋቢ አለበሰኝና "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ደረቱን መታ።

ለሁሉም ተጠንቅቀን ለዚህ ሳንጠነቀቅ ቀረን። የሳቁን ድምፅ አፍነን ለቅሶውን ለቀቅነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ለቅሶ የሰማ ሰው ማን ሞተ ብሎ እስኪያጣራ አይቆይም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ይመጣል። በሩ ተበርግዶ መጀመሪያ የገቡት እትዬ በለጡ ነበሩ። ከኋላቸው ስንት ሰው እንደተከተለ እንጃ፤ እኔ ጋቢ ውስጥ ሆኜ የማየው የለም።

ልነሳ ስል ዘለቀ በላዬ ላይ ተደፋ። እያለቀሰ፣ በለቅሶው መሀል በጆሮዬ "ጣልያን በር ላይ ቆሟል። እንዳትነቃነቅ" አለኝ።

ሳል እንኳ ቢያመልጠኝ ዘለቀ አለቀለት፤ የሰፈሩ ሰውም አብሮት። ተመልካቹ ሁሉ ወታደሩን ሲያይ በአንዴ ወደ ለቅሶ ገባ። አሰፋ ጆንያውን ወርውሮ ከሁሉም በላይ ጮኸ። የገደለችኝ ቅማል ያን ያህል ታዝንልኛለች ብዬ አልገመትኩም።

እትዬ በለጡ ግን የምራቸውን ነበር የሚያለቅሱት። ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው "ደምሴ የኔ ልጅ፣ በሬን ቀጥ አድርጎ የሠራልኝ፣ እጀ መልካሙ" ይላሉ። እኚህ ሴት በሩን አጣመምክብኝ ብለው ስንት ጊዜ አኩርፈውኛል! ሳቄ መጣ። ጋቢውን ነክሼ ያዝኩት።

"ምን ሆኖ ነው የሞተው?" አለ የወታደሩ አስተርጓሚ።

"ተስቦ ነው" አለ ዘለቀ። ለወታደሩም በራሱ ቋንቋ "ቲፎ" አለው። ከዚያ እንባውን እየጠረገ ቀጠለ፤ "ቅማሎቹ ገና ልብሱ ላይ ናቸው ጌታዬ። ሬሳው ሲቀዘቅዝ ይወጣሉ። የሚሄዱት አጠገባቸው ወዳገኙት ሰው ነው። ልብሱን ቀቅሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባልሞተ ነበር።"

አስተርጓሚው ሲያስተረጉም ድምፁ እየራቀ ሄደ። "ቶሎ ቅበሩት" ያለው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው። ወታደሩ አንገቱን እያከከ ከእሱ ቀድሞ መውጣቱን በኋላ ነገሩኝ።

የጫማው ድምፅ ሲጠፋ ጋቢውን ገልጬ ቁጭ አልኩ። እትዬ በለጡ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት። መሞቄን ሲያረጋግጡ በጥፊ አጮሉኝ። ወዲያው ደግሞ አቅፈው እያለቀሱ ሳቁ፤ ግቢው ሁሉ አብሮ ሳቀ።

"በሩ ግን ጠማማ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ጭንቅላቴ አርፎበት የነበረውን ቀሚሳቸውን አዩ።

"ዘለቀ፣ ቅማሏ ሬሳ ሲቀዘቅዝ ትወጣለች ያልከው የቴአትር ነው ወይስ የእውነት?"

"የእውነት ነው እትዬ።"

"ስንት ሬሳ አቅፌ አልቅሻለሁ" አሉ። ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ እሳት ሲነድ፣ ትልቁ ድስት ሲጣድ አየን። ዘለቀ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ቴአትሩ በዚያ አላበቃም። ለለቅሶ ከመጡት ብዙዎቹ ወታደሩን በር ላይ ሲያዩ ተመልሰው ስለነበረ ስነሳ አላዩኝም። ሰው ሞተ ሲባል ምን ነካው መባሉ አይቀርምና ወሬው መርዶውንም ቅማሉንም ልብስ መቀቀሉንም ይዞ ከሰፈር ሰፈር ዞረ።

ከጊዜ በኋላ ጣውላ ልገዛ አስኮ ሄድኩ። ባለ ጣውላው አያውቀኝም። ደጁ ላይ የልጆች ልብስ በትልቅ በርሜል ይንተከተካል። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣

"ኮልፌ አንድ ወጣት አናጢ በቅማል ሞተ አሉ። ያንን ከሰማን ጀምሮ ሳንቀቅል አንለብስም። ይኸው ጎረቤት ሁሉ ሲታመም የኔ ልጆች ደህና ናቸው" አለኝ። ኮፍያውን አወለቀና "ነፍሱን ይማረው" አለ።

እኔ ነኝ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቹ በጭቃው ላይ ይራወጣሉ። አለመሞቴን ቢሰማ መቀቀሉን ቢተውስ? በዕድሜዬ ብዙ በርና መስኮት ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ሞቴ የምኮራበት ሥራ ግን የለኝም። ባስታወስኳት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔም ኮፍያዬን አውልቄ "አሜን" አልኩ።