ሃይንሪሽ የሃይንሪሽ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ አንድ ክርስትና ተጠርቼ ነበር። የሕፃኑ አባት ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ «ልጄን በራሴ ስም ጠርቼዋለሁ፤ ዳግማዊ ዮናስ ነው» አለ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ግን፣ «አባት ቆሞ እየሄደ ስሙን ለልጁ? ምን ጉድ ነው! ከቤት ሲጠሩ ማንኛው አቤት ሊል ነው?» ብለው አጉረመረሙ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ አልኩና ተውኩት። በወጣትነቴ የሠራሁት ሥራ ትዝ ብሎኝ ነው።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አምስት ይሆናል። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሌክውድ ውስጥ አንድ የአዛውንቶች መኖሪያ በረዳትነት ተቀጥሬ፣ ከአውሮራ ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ እመላለስ ነበር። የኮልፋክስ ጎዳና ሄደው ሄደው አያልቅም። ሚያዝያ ነበር፤ የዴንቨር ሚያዝያ ደግሞ አይታመንም፤ ጠዋት በረዶ ይጥላል፣ ከሰዓት ፀሐዩ ያቃጥላል። ጾም ስለነበር ሽሮ በዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ማይክሮዌቭ ውስጥ ሳሞቀው የሥራ ባልደረቦቼ በጠረኑ ስለሳቁብኝ ከዚያ ወዲያ ቀዝቃዛውን ነበር የምበላው። ፈሪ ነበርኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ከሁሉም በላይ የምፈራው የራሴን እንግሊዝኛ ነበር።

ሚስተር ሊንድነር የፊተኛው ክንፍ ነዋሪ ነበሩ። የሰማንያ ስድስት ዓመት ጀርመናዊ፣ ዕድሜያቸውን ዴንቨር ውስጥ በአናጢነት ያሳለፉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ። የክፍላቸው ቁልፍ በኪሳቸው ነው። በየጠዋቱ ኮታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጥጉ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ጥቁር ዳቦ ገዝተው ይመለሳሉ። ከዚያች አጭር መንገድ በቀር በእጃቸው የቀረ ነገር አልነበረም፤ ይህንንም ያውቁታል። አንድ ቀን በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን፣ በቁጥር ተቆልፎ በቁጥር የሚከፈተውን በር በከዘራቸው አሳዩኝ። አእምሯቸው የደከመ ሰዎች የሚኖሩበት ክንፍ ነው።

«እዚያ ከምገባ ብሞት ይሻለኛል» አሉኝ። «እዚያ የገባ ሰው ዳቦውን ራሱ አይገዛም።»

ዳቦውን ቅቤ ስቀባላቸው ስለ አገራቸው ያወሩልኛል። አባታቸው የመሳፍንት ቤተ መንግሥት አትክልተኛ ነበሩ። ሮይስ የሚባል የመሳፍንት ቤት፣ ከአውራጃ በምታንስ አገር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት የገዛ፣ ኋላም ታላቅና ታናሽ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ቤት ነው። ዙፋናቸውን የለቀቁት ሚስተር ሊንድነር በተወለዱበት ዘመን ገደማ ነው። ወሬ ለማስረዘም ያህል፣ «የመጨረሻው መስፍናችሁ ማን ይባላል?» አልኳቸው።

«ሃይንሪሽ።»

«አባቱስ?»

«ሃይንሪሽ።»

«አያቱስ?»

«ሃይንሪሽ ነዋ! በዚያ ቤት የተወለደ ወንድ ሁሉ ሃይንሪሽ ነው።» ዓይናቸው በራ። «የእኛው፣ የታላቁ ቤት ሃያ አራተኛው ከልጅነቱ ታማሚ ስለነበር፣ በእሱ ፈንታ የታናሹ ቤት ሃይንሪሽ አሥራ አራተኛው ያስተዳድር ነበር። እሱ ሲሞት ልጁ ሃይንሪሽ ሃያ ሰባተኛው ተተካ።»

«የአሥራ አራተኛው ልጅ እንዴት ሃያ ሰባተኛ ይሆናል?»

«በመሃል የተወለዱት የዘመድ ልጆች ሁሉ ይቆጠራሉ። ዙፋን ያላዩትም፣ በሕፃንነታቸው የተቀጩትም። የእኛ ቤት መቶ ሲሞላ ከአንድ ይጀምራል፤ የእነሱ ደግሞ ክፍለ ዘመን ሲለወጥ።»

አዘንኩላቸው። እኛ ዘንድ አንደኛና ሁለተኛ የሚባለው የነገሠ ንጉሥ ነው፤ እሱም ቢበዛ አራትና አምስት ይደርሳል። የቀረነው ስማችንን ይዘን የአባታችንን ስም እንከተላለን፤ አባት በሕይወት እያለ ስሙን ለልጁ ሲሰጥ አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። ሽማግሌው እንደ ተጣበቀ ካሴት አንድ ስም ላይ የቆሙ መሰለኝ። እሳቸው ግን ወሬው ጣፍጧቸው፣ «አንቺስ ስንት አባት ትቆጥሪያለሽ?» አሉኝ። ቆጠርኩ፤ አራተኛው ላይ ቆምኩ።

«አራቱም የተለያየ ስም!» ብለው ሳቁብኝ። «ታዲያ የአንድ ቤት ሰዎች መሆናችሁ በምን ይታወቃል?»

በዚያው ሳምንት አለቃችን የነበረችው ነርስ፣ የዕለት ማስታወሻዬ ሁልጊዜ ሁለት መስመር ብቻ መሆኑን አይታ፣ «መጻፍ ትቸገሪያለሽ እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ቃሉ ሌሊት ከዕንቅልፍ አስነሳኝ። እናም የሃይንሪሾቹን ወሬ የሰማሁ ዕለት መዝገበ ቃላቴን አውጥቼ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ አንድ ስም አለው ይላሉ፤ አባት አሥራ አራት፣ ልጅ ሃያ ሰባት ነው ይላሉ፤ መቶ ሲደርስ ከአንድ ይጀምራል ይላሉ፤ ይህን በደስታ ይደጋግማሉ። ጊዜና ሰው የተምታታባቸው ይመስላል የሚል ዓረፍተ ነገርም ጨመርኩ፤ ቃሉን ከመዝገበ ቃላቱ ያገኘሁት በዚያው ሰዓት ነበር። ነርሷ አንብባ፣ «ዛሬ በጣም ጥሩ ጽፈሻል» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ወጥ ቤት የሚሠሩትን እትዬ ብዙነሽን በማግስቱ በኩራት ነገርኳቸው። ድስቱን ማጠብ አቆሙ።

«እሱን ሁሉ ቻርት አደረግሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አይ ልጄ! ሰውየው ሲጫወት ጊዜ ተጫወተ ብሎ ማለፍ ነበር እንጂ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀቱንማ ማን ያሸዋል?»

ከሳምንት በኋላ ሐኪም መጣ። የሆነውን ነርሷ ነች የነገረችኝ። ሐኪሙ የእኔን ገጽ ይዞ፣ ስለነዚያ መሳፍንት እስቲ ይንገሩኝ አላቸው። ሚስተር ሊንድነርም ስንት ዘመን ጠያቂ አጥተው የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ተነሥተው ቆሙና ሁለቱንም ቤት ከላይ እስከ ታች ቆጠሩለት። አንድም አልዘለሉም። ሐኪሙም አእምሯቸው ተምታቷል ብሎ ፈረመ። ሰኞ ዕለት ከነሻንጣቸው በቁጥር ወደሚቆለፈው ክንፍ ተዛወሩ። ኮታቸውን የተሸከምኩላቸው እኔ ነበርኩ። በሩ ሲደርሱ፣ «ቁልፌን ለማን ነው የምሰጠው?» አሉኝ። እጄን ዘረጋሁና ተቀበልኳቸው።

በዕረፍት ቀኔ አውሮራ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ቀድሜ እንዳልሄድኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ስሙን መጻፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ ወጣ፤ ሃይንሪሽ፣ ሃይንሪሽ፣ ሃይንሪሽ፣ ገጹ ሙሉ። አሥራ አራተኛው አለ፤ ልጁ ሃያ ሰባተኛው ከሥሩ አለ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ።

ወረቀቱን አትሜ ለነርሷ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ወስዳ አነበበችው፤ ፊቷም ተለወጠ። «ግምገማው አንዴ ተፈርሟል» አለች። «የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ እናነሣዋለን።»

ሦስት ወር። ግንቦት አልፎ ሰኔ ገባ፤ ጥጥ የመሰለው የዛፎቹ ዘር ከመስኮቱ ውጭ ይበናል፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። በየጠዋቱ ከዚያው ዳቦ ቤት ጥቁር ዳቦ እየገዛሁ አመጣላቸው ጀመር። «ማን ገዛው?» ይሉኛል። እኔ ነኝ ስላቸው ወደ ጎን ይገፉታል። ፀጉራቸውን ማበጠር ተዉ፤ ቀጥሎ መላጨቱን ተዉ፤ ቀጥሎ ወሬውን። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያን ወረቀት ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። «ሃይንሪሽ አሥራ አራተኛው» አልኩና ቆምኩ። ልጁን እንዲጠሩልኝ ጠበቅሁ።

በጨዋነት ተመለከቱኝ። «የኔ ልጅ፣ ማን ናቸው እነዚህ?»

ያኔ ነገርኳቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ለማሰኘት ብዬ ነው የጻፍኩት አልኳቸው። እጄን መታ መታ አድርገው መስኮት መስኮቱን ማየት ቀጠሉ። ግምገማው ሳይደርስ፣ ሐምሌም ሳያልቅ፣ ሞቱ።

ዛሬ እኔው ራሴ ነርስ ነኝ። የሙያ ጓደኞቼ፣ መርሳቱ መምጣቱ አይቀርም ነበር፣ ዕድሜ ነው ይሉኛል። ይሆናል። እኔ ግን በሚያዝያ ሁለት የመሳፍንት ቤት ቆመው የቆጠሩትን ሰው ነው የማውቀው፤ ያን ሰው ዘጠና ቀን ባልሞላ ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከክርስትናው በማግስቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የንስሓ አባቴ ዘንድ ሄጄ እንደገና ተናዘዝኩ። አርጅተዋል፤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። «ይህን ከብዙ ዓመት በፊት ነግረሽኝ የለም?» አሉ። «የጻፍሽው የሰማሽውን ነው። በሐሰት አልመሰከርሽም፤ ክፉም አላሰብሽም። ያኔም ኃጢአት አላገኘሁበትም፣ ዛሬም አላገኘሁበትም።»

«እባክዎ አባቴ፣ ቀኖና ይስጡኝ» አልኳቸው። «ስግደትም ቢሆን፣ ጾምም ቢሆን።»

«ላልበደልሽው ምን ብዬ እሰጥሻለሁ?» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ቀኖና የተሰጠው ሰው ሰግዶም ጾሞም አንድ ቀን ይጨርሳል። የእኔ እስካሁን አልተጀመረም።