ባዶ ኮርቻ

በእነዚያ ዓመታት ለጉብኝት የሚመጡ ፈረንጆችን በፈረስ አስቀምጬ ከጉንደ ወይን እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ እወስዳቸው ነበር። ፈረሱ የአባቴ ነው። እሳቸው ያኔ ታመው ከተኙ ወራት አልፈው ነበር። ለፎቶ እንዲያምር እያልኩ የበዓል ጌጡን ሁሉ አለብሰው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት እንግዳ ገደሉን ስታይ ፈርታ ከፈረሱ ወረደች፤ ባገኘችው መኪና ተሳፍራ ወደ ቢቸና ሄደች። እኔም ተናድጄ ፈረሱን እንደተጫነ እየሳብኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። በአገራችን ጌጡን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ የሚሳብ ፈረስ የባለቤቱን ሞት ነው የሚናገረው። ይህን እያወቅሁ፣ በንዴቴ ልብ አላልኩም።

ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ፈረሱን አወቁት። አንዷ ጮኸች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። "ኧረ አልሞቱም" ብል ማን ይስማኝ። ለቅሶው ቀድሞኝ ቤት ደረሰ።

ስገባ ግቢው በሰው ሞልቷል። አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው በተከፈተው በር ለቀስተኛውን ያያሉ። አፍሬ ኮርቻውን ልፈታ ጎንበስ ስል ጠሩኝ።

"ተወው፣ አታውርደው" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሰዉን ሁለት ጊዜ አታመላልሰው።"