በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነው የአበባ ማስቀመጫ

ወንድሜ ሸክላ ይሠራ ነበር። ይህን ስናገር ሰዎች መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፤ ሸክላ የሴት ሥራ ነው ብለው። እሱ ግን የሚሠራው በመዘውር ነበር። መዘውሩ ከላይ ክብ ጣውላ፣ ከታች ከባድ የሲሚንቶ ጎማ አለው። የታችኛውን በእግር ሲገፉት የላይኛው ይሽከረከራል፤ ጭቃው በሁለት መዳፍ መሃል ይነሣል። የቀበሌያችን የእደ ጥበብ ማኅበር አንድ እንዲህ ያለ መዘውር ነበረው። ቦታው ከመካኒሳ አቦ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወርዱ የሚገኝ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ወንድሜ እዚያ ቁጭ ብሎ ለመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ የሚሆን የአበባ ማስቀመጫ ይሠራ ነበር።

የወሰዱትም ከዚያው ዳስ ነው። በአፈሳ፣ ለብሔራዊ ውትድርና፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ... ከዚያ በኋላ ብዙ የምጽፈው የለኝም። አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ፤ እናቴም በሩ ሳይከፈት ጮኸች። በማለዳ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል? አስከሬን አልነበረም። ፎቶውን ወንበር ላይ አስቀምጠን አለቀስን።

ወሬው የተጀመረው እዚያው ለቅሶ ቤት ነው። ወንድሜ በተወሰደበት ቀን ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ወንድሜ ነው። ሌላው ጭቃውን በእግሩ እየረገጠ የሚያለሰልስለት ሰው ነው፤ እኛ ረጋጩ እንለው ነበር። ሁለቱም ለውትድርና የሚፈለገው ዕድሜ ላይ ነበሩ። አንዱ ተወሰደ። ሌላው አልተገኘም። እንዴት አልተገኘም?

ረጋጩ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው። ስለ ሸክላ ሠሪ በሰፈራችን ምን ይባል እንደነበር የማያውቅ የለም። አንዲት ጎረቤታችን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ዓይኑ ነው» አለች። «ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ውሎ ምን ሊተርፈው?»

እናቴ ከተደፋችበት ቀና አለች። «ተይ እስቲ አንቺ። ልጄን ዓይን አልበላውም። ምላስ ነው የበላው።»

ሴቶቹ ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ። እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ ቀረሁ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በወንድሜ ቦታ እኔን ለመቀበል ፈቅዶ ነበር። ከአንድ ቤት አንዱን ከወሰዱ ሁለተኛውን አይነኩም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ግን እናቴ ያንን ይዛለች።

«ሂድና በቦታው ግባ» አለችኝ። «ያንን ሰው ምንም አትጠይቀው። ከጠየቅኸው ይዋሽሃል። ዝም ብለህ እየው። ማን አሳልፎ እንደሰጠው ማወቅ አለብኝ። ሳላውቅ አልሞትም።»

ሄድኩ።

ስገባ ረጋጩ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭቃ ላይ ቆሟል። እኔን ሲያይ እግሩ ቆመ። ፊቴን አላየም፤ እግሬን ነው ያየው።

«ወንድሙ ነህ?»

«አዎ።»

«በመልክ አትመስለውም» አለ። ቆይቶ «እግርህ ግን የሱ ነው» ብሎ ወደ ረገጣው ተመለሰ።

ይህም አጠራጠረኝ። ሰው ለምን ፊት አያይም?

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው፤ ብዙ ይበልጠኝ ነበር። ረጋጩም የሱ እኩያ ስለሆነ ጋሼ ልለው ይገባ ነበር። አልወጣልኝም። ስጠራው «ስማ» እላለሁ፣ ወይም ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ ቅር ያለው አይመስልም።

ያስተማረኝ እሱ ነው። ሌላ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። ከሁሉም የሚከብደው ክቡ የአበባ ማስቀመጫ ነው። መጀመሪያ ጭቃውን ጣውላው ላይ ትጥለዋለህ፤ መሃሉን እስኪይዝ በሁለት እጅህ ትጫነዋለህ። ካልያዘ እጅህን እየገፋ ይጫወትብሃል።

«ጭቃ ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም!» ይለኝ ነበር ከጀርባዬ። «ያዘው! ምን ታሻሸዋለህ?»

መሃሉን ሲይዝ በአውራ ጣት ትከፍተዋለህ። ግድግዳውን ወደ ላይ ታወጣለህ። ከዚያ አንድ እጅህን ውስጥ ታስገባና ሆዱን ወደ ውጭ ትገፋዋለህ፣ ሆድ እስኪያወጣ። መጨረሻ ላይ በሁለት እጅህ አፉን ሰብስበህ አንገት ታበጅለታለህ። ይህንን መዝጋት ይሉታል። በመዝጋት ላይ እያሉ ማቆም የለም። መዘውሩ ከቆመ ወይም እጅህ ከለቀቀ ትከሻው ወደ ውስጥ ይወድቃል።

«አንገቱን እነቀው» አለኝ ረጋጩ አንድ ቀን፣ የራሱን ሁለት እጆች በአየር ላይ ክብ አድርጎ እያሳየኝ። «ግን በቀስታ። እንደታነቀ እንዳያውቅ።»

እጆቹን አየኋቸው። ሌሊቱን ሙሉ እነዚያ እጆች ከዓይኔ አልጠፉም። ወንድሜንም እንዲህ አድርጎት ይሆን? በቀስታ፣ እንዳያውቅ?

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። እሱ ራሱ መዘውሩ ላይ አይቀመጥም። ሊያሳየኝ ሲፈልግ እንኳ ቆሞ ጎንበስ ይላል እንጂ በርጩማው ላይ አይቀመጥም።

«ለምን አንተ አትሠራም?» አልኩት። «ታውቅበታለህ እኮ።»

«አውቅበታለሁ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ረጋጭ ነኝ» አለ። 

ከዳሱ ጀርባ የጡብ ምድጃ ነበር፤ ሸክላው የሚተኮስበት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ትልቅ ምድጃ። ከምድጃው ጎን፣ ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ በጆንያ የተሸፈነ ነገር አለ። ረጋጩ ጠዋት ሲገባ ከምንም ሥራ በፊት ወደዚያ ይሄዳል፤ በጣሳ ውሃ ይዞ ጆንያውን ያርሰዋል። ከዚያ ነው ሥራ የሚጀምረው። አንድ ቀን እጄን ወደ ጆንያው ስሰድ ከሩቅ ጮኸብኝ።

«እሱን ተወው!»

«ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነው። ተወው።»

ጭቃማ ዳሱን ሞልቶታል። የሚደበቅ ጭቃ ምን ዓይነት ነው? ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «እይ፣ አላልኩህም?» አለች። ምን እንዳለችኝ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ግን አላልኩህም አለች፣ እኔም ልክ ነሽ አልኩ። ሰው ሲጠራጠር እንደዚህ ነው። የጠረጠሩት ሰው እንጀራ ሲቆርስም ያጠራጥራል።

አፈሩ የሚመጣው ከጀሞ በኩል ነው። ጀሞ ያኔ ማሳ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአህዮች ጭነው ያመጡልናል። አማርኛቸው በኦሮምኛ የተቀላቀለ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ጭነቱን ሳወርድላቸው ወንድሜን አነሡ።

«እሱ ልጅ ጎበዝ ነበር። አህዮቼን ሰላም ሳይል አያልፍም። አንተ ግን ለኔም ሰላምታ ትሰስታለህ» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ሳቃቸውን ተዉት። «ያን ቀን እኮ በመንገዴ አይቻቸዋለሁ። መኪናውን ከላይ አቁመው ቤት ለቤት ሲለቅሙ። አህዮቹን ጥዬ ሮጬ መጥቼ ነግሬ ነበር።»

«ለማን ነገሩ አባባ?»

በአገጫቸው ወደ ረጋጩ አመለከቱ። «ለሱ ነዋ። በር ላይ ያገኘሁት እሱን ነው።»

ጭነቱ ከእጄ ወደቀ። ያውቅ ነበር። ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ራሱን ደበቀ፣ ወንድሜን ተወው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ማታ ለእናቴ ልንገራት ብዬ አሰብኩ። በዚያው ቀን ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ከሰዓት በፊት መዘውሩ ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴን በእግሬ ጎማው ላይ አወረድኩት። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ጭቃው በዚያ ቀን ታዘዘልኝ። መሃሉን ያዘ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ሆዱ ክብ ሆነ። ያን ያህል ክብ ነገር ሠርቼ አላውቅም። መዝጋት ጀመርኩ። ትንፋሼን ይዣለሁ። አፉ እየጠበበ፣ እየጠበበ...

«ተነሣ!»

ረጋጩ ነው። በሩን ይዞ ቆሟል። «ተነሣ፣ እየመጡ ነው! አፈር የሚያመጡልን ሽማግሌ መልእክት ላኩልን። ከብስራተ ገብርኤል በኩል ጀምረው እየለቀሙ ነው የሚወርዱት።»

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አሰብኩ። አንደኛው፣ ይህ ሰው ሊያስወጣኝና ሊያስይዘኝ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ግን... ሁለተኛው አንገቱ ነው። ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። የትኛው እንዳስቀመጠኝ ዛሬም መለየት አልችልም። ቀና ሳልል፣

«ቆይ፣ ልዝጋውና» አልኩ።

 ሩጫ ሰማሁ። ከዚያ የረጋጩ ጡጫ ከላይ ወርዶ የአበባ ማስቀመጫዬን ጣውላው ላይ ጨፈለቀው። ጭቃው ፊቴ ላይ ተረጨ። ዘልዬ ልመታው ስነሣ አንገቴን ይዞ ከበርጩማው ላይ ነቀለኝ። በእግሩ የመዘውሩን ጎማ ረግጦ አቆመው፤ የሚሽከረከር መዘውር ሰው እንዳለ ይናገራልና። እየጎተተ ምድጃው ውስጥ ከተተኝ። ከውስጥ ሆኖ ጡቦቹን አንድ በአንድ በበሩ ላይ ደረደራቸው።

ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር፣ አመድ የሞላበት። ጉልበታችን ከጉልበታችን ተነካክቶ ተቀመጥን። በጡቦቹ መካከል ቀጭን ብርሃን ይገባል። ድምፆች መጡ።

«ሠራተኞቹ የታሉ?»

«ምሳ ሄደዋል ጓድ» አለ የሊቀመንበሩ ድምፅ።

«ጭቃው እርጥብ ነው።»

«ጭቃ መቼ ደርቆ ያውቃል ጓድ?»

አንዱ ሳቀ። ቦት ጫማዎቹ ዳሱን ዞሩት። አንዱ ጥንድ ወደ ምድጃው ቀረበ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። መኪናው ተነሥቶ ከሄደ በኋላም አልተንቀሳቀስንም።

«እሱም እንዲህ ነው ያለኝ» አለ ረጋጩ በጨለማው ውስጥ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

«ምን?»

«‹ቆይ ልዝጋውና።› ቀና ሳይል። እጁ ውስጥ ነበር። እንደዚያ ያለ ሆድ ሠርቶ አያውቅም፣ እኔም አይቼ አላውቅም። ይከተለኛል ብዬ ወደዚህ ገባሁ። ጡቡን ክፍት አድርጌ ጠበቅሁት።» አመዱ ላይ በጣቱ አንድ ነገር ጫረ። «ልጨፈልቀው ይገባኝ ነበር። አሁን ያንተን እንዳደረግሁት። እጄን አንሥቼም ነበር። ግን... ጭቃው አሳዘነኝ። እሱ ሳይሆን ጭቃው አሳዘነኝ።»

 እጁን ፈለግሁ፤ የጨፈለቀበት እጁ ላይ ጭቃዬ ገና አልደረቀም ነበር።

ስንወጣ ወደ መደርደሪያው ሄደና ጆንያውን ገለጠው። የአበባ ማስቀመጫ ነው። ሆዱ ሙሉ ክብ ነው። አፉ ግን አልተዘጋም፤ በአንድ በኩል ትከሻው ወደ ውስጥ ወድቋል። እጅ በድንገት የተነቀለበት ቦታ ይታያል። በሆዱ ላይ የጣቶቹ መስመር እስከ ላይ ድረስ ይዞራል።

«ከወሰዱት በኋላ ከመዘውሩ በሽቦ ቆርጬ አነሣሁት» አለ። «ሲመለስ ይጨርሰዋል ብዬ። ጭቃ ከደረቀ አይመለስም፤ ስለዚህ እርጥብ አድርጌ ጠበቅሁት። መርዶው ከመጣ በኋላም... እጄ ለመደ።»

ማታ እናቴ እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ጠበቀችኝ። «አገኘህ?» አለች። «ማን ነው የሰጠው?»

«ማንም አልሰጠውም እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አልሮጠም? እግር አጣ?»

«የጀመረው ነበር። ሊጨርሰው ፈልጎ ነው።»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የምታምነኝ አልመሰለኝም። ኋላ ግን «እሱ ድሮም ጉርሻ ጀምሮ አይተውም» አለች፤ ያን ማታ አለቀሰች፣ ግን እንደ ቀድሞው አልነበረም።

እኔ ለራሴ ግን ጥርጣሬው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ከረጋጩ ላይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ወንድሜ አደጋውን በደንብ ሰምቶ ነበር? ወይስ እንደኔ ጆሮው የሰማውን እጁ አላምን አለ? ይህን የሚነግረኝ ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት ረጋጩ ጣሳውን ውሃ ሞልቶ ወደ መደርደሪያው ሲሄድ ከመዘውሩ ተነሣሁ።

«ጋሼ» አልኩት።

ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየ።

«ከእንግዲህ ውሃ አትስጠው። ይድረቅ።»

ጣሳውን ይዞ ቆየ። ከዚያ ውሃውን ወደሚረግጠው ጭቃ ወስዶ አፈሰሰው፤ ሱሪውንም መሰብሰብ ጀመረ።